የቃል መንገድ ታሪክና የዋጫ ተራራዎች

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ስለ አንድ የማይታይ መንገድ ነው። አውራ ጐዳና ሲሠራ ዐይን ያየዋል፤ ድልድይም ሲዘረጋ እግር ይረግጠዋል። በኪሳችን በያዝነው ስልክ አማካይነት ቃልና ጽሑፍ፣ ሥዕልና ገንዘብ የሚመላለስበት የአየር መንገድ ግን ሲሰፋም ሆነ ሲጠብ አይታይም፤ የሚታወቀው ሥራ የቆመ ዕለት ነው። ስለዚህም የዚህ መንገድ መስፋፋት የመሐንዲሶች ጕዳይ ብቻ ተደርጎ ይቈጠራል። እኔ ግን የታሪክም ጕዳይ ነው እላለሁ። በአገራችን የቃል መንገድ በተከፈተ ቍጥር የተደጋገመ አንድ ነገር አለና፣ እርሱን ሳያስታውሱ ስለ ዛሬው መነጋገር ከግማሽ መንገድ እንደ መጀመር ይሆናል።

ለንግግሬ መነሻ ያደረግኋት ከተማ ዋጫ ናት። ዋጫ በከፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋጫ ቦንጋን አልፎ ወደ ምዕራብ ናት። አገሩ ተራራና ሸለቆ፣ ዝናብና ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በደኑም ጥላ ሥር ዓለም የሚያውቀው ቡና ያለበት ነው። ይህ ደን በ2002 ዓ. ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብሎ ተመዝግቧል።

ያ ተራራና ያ ደን በጥንት ዘመን ለከፋ መንግሥት ምሽግ ነበሩ። የከፋ ነገሥታት አገራቸውን በጥልቅ ቦይና በጥበቃ በር አጥረው ይኖሩ እንደ ነበር ይታወቃል። ነጋዴ የሚገባው በተፈቀደለት በር፣ መልእክተኛም የሚያልፈው ጠባቂው ሲከፍትለት ብቻ ነበር። የንጉሡ የታቶ ጋኪ ሸሮቾ መንግሥት በ1890 ዓ. ም. መባቻ ወድቆ አገሩ ለማዕከላዊው መንግሥት እስኪገብር ድረስ፣ መሬቱ ራሱ የመንግሥቱ ዘብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ጦር የሚያግድ በር የለም። ነገር ግን ያው ተራራና ያው ደን የራዲዮ ሞገድን ያግዳሉ። ትናንት ምሽግ የነበረው ዛሬ መሰናክል ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ስልክ ታሪክ እንለፍ።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በእኛ አቈጣጠር በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። በመጀመሪያ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው ረጅም መስመር፣ ከዚያም ከመናገሻው ከተማ ወደየአቅጣጫው ተስፋፋ። በዚያን ጊዜ ሰዎች ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱ ከሰይጣን ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሥራውን እንዳላቋረጡ ይተረካል።

ከዚያ ዘመን አሠራር ውስጥ በተለይ አንዱን ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። ሽቦው እየረዘመ በሄደ መጠን ድምፁ እየደከመ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሩቅ ከተሞች ሲነጋገሩ፣ በመካከል ባለው ጣቢያ የተቀመጠው ስልከኛ ከወዲህ የሰማውን ቃል ወደዚያ በራሱ አፍ ደግሞ ይናገር ነበር። አንዱ ገዢ የተናገረው ለሌላው የሚደርሰው በሦስተኛ ሰው ድምፅ ነው። ስልከኛው ካልተሳሳተ ቃሉ ሳይጓደል ይደርሳል፤ ከተሳሳተ ወይም ከቦታው ከሌለ ግን መስመሩ ሳይበጠስ ነገሩ ይበጠሳል። የመካከለኛው ጣቢያ ዋጋ እንግዲህ ከጥንትም የታወቀ ነው። ዛሬ የሰውዬውን ቦታ በማማ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ ተክቶታል፤ ሥራው ግን ያው ነው። የደከመውን ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ ወደሚቀጥለው ተራራ መላክ ነው።

ያ መስመር በመጀመሪያ የተዘረጋው ለቤተ መንግሥትና ለአገረ ገዢዎች ጕዳይ ነበር። ነገር ግን ነጋዴው ዋጋ ሊጠይቅበት፣ ዘመድም የዘመዱን መርዶና ምሥራች ሊሰማበት ፈለገ። በመንግሥት ጕዳይ ልክ የተቈረጠው ልብስ ለሕዝቡ ጠበበ። ከላይ ‹የተደጋገመ ነገር አለ› ያልሁት ይህንኑ ነው።

ከጣልያን ወረራ በፊት በአቃቂ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ አገራችን ያለ ሽቦ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኝበት ነበር። ከነጻነት በኋላም ስልክን እንደገና የማቋቋም ሥራ ተጀመረ። በ1943 ዓ. ም. ከዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ በ1945 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በዐዋጅ ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ በኋላ ስሙና አቋሙ በየመንግሥቱ ተለዋውጧል። ያልተለወጠው ወረፋው ነው። ለቤቱ ስልክ ለማስገባት ስሙን አስመዝግቦ ዓመታት የጠበቀ ሰው ከአድማጮቻችን መካከል እንደማይጠፋ አምናለሁ።

በ1989 ዓ. ም. ኢንተርኔት፣ በ1991 ዓ. ም. የሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ ጀመረ። ሞባይል በመጀመሪያ ለባለሥልጣንና ለባለጠጋ የሚሆን ጌጥ ይመስል ነበር። በዚያው በ1990ዎቹ ዓመታት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከበላይ አካላት ጋር በሳተላይት የሚያገናኘው ‹ወረዳ ኔት› ተዘረጋ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ልኩ ግን አሁንም የመሥሪያ ቤት ልክ ነበር። የወረዳው አስተዳዳሪ በስብሰባ አዳራሹ ከአዲስ አበባ ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር፣ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ገበሬ ግን ያንን መንገድ አያገኘውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነው። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ. ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። በ2005 ዓ. ም. ከሁዋዌና ከዜድ ቲ ኢ ኩባንያዎች ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተፈረመ። በ2007 ዓ. ም. አራተኛው ትውልድ፣ በተለምዶ ፎር ጂ የሚባለው፣ በአዲስ አበባ ለ400,000 ደንበኞች እንዲበቃ ሆኖ ተጀመረ። በግንቦት ወር 2013 ዓ. ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ወር ሳፋሪኮም የሚመራው የኩባንያዎች ኅብረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የሁለተኛውን ኦፕሬተር ፈቃድ እንዲያገኝ ተወሰነ። በግንቦት 2014 ዓ. ም. አምስተኛው ትውልድ በአዲስ አበባ ተሞከረ፤ በመስከረም 2015 ዓ. ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቍጥር በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ 78 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር። ለገዢዎች የተዘረጋው የቃል መንገድ በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ የሕዝብ መንገድ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ‹ማማ ተተክሎ፣ ስልኩም እየጮኸ፣ ስለ ምን ደብዳቤው አልሄድ አለ?› የሚል ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። መልሱን ለመረዳት ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል።

አንድ የስልክ ንግግር በሰከንድ 12 ኪሎ ቢት ያህል ቢያገኝ ይበቃዋል። መካከለኛ ጥራት ያለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ከ1,000 ኪሎ ቢት ያላነሰ ይጠይቃል። አንድ ሰው ሥዕል ሲመለከት ሰማንያ ሰዎች ሊነጋገሩበት የሚችሉትን መንገድ ይዟል ማለት ነው። ጥሩ የሆነ የፎር ጂ መሣሪያ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ እስከ 150 ሜጋ ቢት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ይህ ግን ለአንድ ሰው የሚሰጥ ድርሻ አይደለም። በማማው ሥር ያለው ሕዝብ ሁሉ የሚካፈለው እንጀራ ነው። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቢቀርብ ለእያንዳንዱ አንድ ተኩል ሜጋ ቢት ይደርሰዋል፤ ከማማው የራቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ያገኛል። የገበያ ቀን በሆነ ጊዜ በከተማው ያለው ሰው ሲበዛ ስልኩ የሚዘገየው ስለዚህ ነው።

ታዲያ መስፋፋት ማለት ምንድን ነው? አራት ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው፣ ለማማው ተጨማሪ የሞገድ ድርሻ መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ አሮጌውን መሣሪያ በዚያው ሞገድ ብዙ በሚጭን በአዲስ መተካት ነው። ሦስተኛው፣ ማማዎችን በማብዛት አንዱ የሚያገለግለውን ሕዝብ ማሳነስ ነው። አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ከማማው ወደ ኋላ ወደ ዋናው ማእከል የሚወስደውን መስመር፣ ፋይበርም ይሁን ማይክሮዌቭ፣ ማስፋት ነው። ይህ ካልተደረገ አዲሱ መሣሪያ ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ጠባብ እንስራ ይሆናል። ውስጡ የቱንም ያህል ቢይዝ የሚወጣው በአንገቱ ልክ ነው።

በከፋ ተራራዎች ደግሞ ይህ ሁሉ ሥራ ይከብዳል። በ900 ሜጋ ኸርትዝ የሚጓዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ሩቅ ይሄዳል፤ ቅጠልና ግድግዳም በመጠኑ ያልፋል፤ ነገር ግን በዚያ ክልል ያለው ቦታ ጠባብ ስለ ሆነ የሚሸከመው ጭነት ጥቂት ነው። በ2,100 ሜጋ ኸርትዝ ያለው 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የበለጠ ይሸከማል፣ ግን ቶሎ ይደክማል፤ ውሃ ያዘለ ቅጠልም ይውጠዋል። ከተራራ ወደ ተራራ የሚያገናኘው ማይክሮዌቭ በጣም ከፍ ባለ ሞገድ የሚሠራ ከሆነ ብርቱ ዝናብ ያደክመዋል። ማማው የሚቆምበት ኮረብታ መንገድና መብራት ከሌለው ጄኔሬተር፣ ነዳጅ፣ ባትሪ ወይም የፀሐይ ኀይል ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ወጪ ለጥቂት ሺህ ሰው ማውጣት ለነጋዴ ድርጅት አያጓጓም። ስለዚህ ነው በየአገሩ መስፋፋት ከዋና ከተማ ጀምሮ ወደ ዞን ከተማ የሚወርደውና፣ ወደ ወረዳ ሲደርስ እግሩ የሚከብደው። ‹ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ› የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ይስማማል።

እዚህ ላይ የዴንማርክ ተወላጅ የሆነውን የአግነር ክራሩፕ ኤርላንግን ስም ላንሣ። ይህ የሒሳብ ሰው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ለአንድ ከተማ ስንት መስመር እንደሚበቃ በስሌት ለማወቅ ተነሣ፤ የመጀመሪያ ጥናቱንም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1909 አሳተመ። የስልክ ጭነት እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ‹ኤርላንግ› እየተባለ ይለካል። ያስተማረው ዋና ነገር፣ መንገድ የሚሠራው ለተራው ሰዓት ሳይሆን ሥራ ለሚበዛበት ሰዓት ተሰልቶ መሆን እንዳለበት ነው።

ነገር ግን መለኪያው ሊቈጥረው የሚችለው ወደ መስመሩ የደረሰውን ጥሪ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተስፋ የቈረጠው በአራተኛው ቀን አይሞክርም፤ ሞገድ የማይደርስበት ቀበሌ ያለው ጨርሶ አልጀመረም። ያልተደወለ ስልክ በመዝገብ አይገኝም። እንግዲህ በማእከል የተቀመጠ ሹም መዝገቡን ብቻ ተመልክቶ ‹በዚያ አካባቢ ፈላጊው ጥቂት ነው› ቢል ቍጥሩ አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልተናገረም። ፈላጊው ጥቂት የሆነው መንገዱ ስለ ጠበበ ነው፤ መንገዱም የጠበበው ፈላጊው ጥቂት ነው ስለ ተባለ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ የገባ ወረዳ በራሱ ጊዜ አይወጣም።

ይህ ነገር በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል ከሌላው ይልቅ ይመለከተናል የምልበት ምክንያት አለኝ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር ወር 2014 ዓ. ም. ሲመሠረት፣ ሁሉን መሥሪያ ቤት በአንድ ከተማ አላከማቸም። ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልሉን ተቋማት ተካፈሉ። ይህ ለሕዝቦች እኩልነት የተመረጠ አሠራር ነው፤ ዋጋው ግን አንዱ መሥሪያ ቤት ከሌላው በተራራ መለየቱ ነው። በአንድ ከተማ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ተላላኪ ልከው ፋይል ይለዋወጣሉ። በአራት ከተማ የተቀመጠ መንግሥት ግን የሚኖረው በመገናኛ መስመሩ ነው። መስመሩ በደከመ ቀን ፊርማ የሚጠብቀው ፋይል ይጠብቃል፤ ፋይሉን የሚጠብቀው ባለጕዳይም አብሮ ይጠብቃል።

በቦንጋና በሚዛን አማን መካከል ያለችውን ዋጫን መለስ ብላችሁ አስቡ። በእንዲህ ዓይነት የወረዳ ከተማ የሚሠራ አንድ የገቢዎች ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እናስብ። የወሩ ሪፖርት ዛሬ ወደ ዞን መድረስ አለበት። ስልኩ ይጮኻል፤ ‹ላክሁት› ብሎ መናገር ይችላል፤ ሰነዱ ግን ከመሣሪያው አልወጣም። ስለዚህ ሠራተኛው ሰነዱን በእጁ ይዞ መኪና ይሳፈራል። የአንድ ቀን ሥራ ይጠፋል፤ የጕዞ አበል ይከፈላል፤ በጠረጴዛው ፊት የተሰለፈውም ሰው ‹ነገ ተመለስ› ተብሎ በእግሩ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የጠፋው ጥቂት ሜጋ ባይት የሚያሳልፍ የአየር መንገድ ነው።

ገበሬውም እንዲሁ ነው። በ2000 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡናን ዋጋ በስልክ እንዲሰማ ማድረጉ ታላቅ ነገር ነበር፤ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚያውቅ ገበሬ በመንደሩ አይታለልም። አሁን ደግሞ ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደ ተለቀመ በካርታ እንዲረጋገጥላቸው እየጠየቁ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ደን ተጨፍጭፎ የተመረተ ቡና እንዳይገባበት በ2015 ዓ. ም. ደንብ አውጥቷል። ደኑን ጠብቆ ያቆየ ገበሬ ለዚህ ማስረጃ ለመስጠት የማሳውን ካርታ የሚያስተላልፍበት መስመር ያስፈልገዋል። መስመሩን ካጣ፣ ትክክለኛ ሥራ ሠርቶ ማስረጃ በማጣት ብቻ ሊጎዳ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን ‹የሚሰፋው መንገድ የሚሞላው በወጣቶች ዘፈንና ጨዋታ ነው፤ ለዚህ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን?› ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከጭነቱ ብዙው ተንቀሳቃሽ ሥዕል መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን አውራ ጐዳና ላይ ለሠርግ የሚሄድና ለሕክምና የሚሄድ አብረው ይጓዛሉ፤ ለሠርገኛው ብለን መንገዱን ብናጠብ የሚጎዳው ታማሚው ነው። ደግሞም በዚያው ሥዕል የሚማር ተማሪና የእጅ ሥራ የሚቀስም ወጣት ብዙ ነው። ትናንት ስልክን ጌጥ ያሉት ሰዎች ልጆቻቸው ዛሬ ያለ ስልክ ደመወዛቸውን አያንቀሳቅሱም።

የዛሬው ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። የቃል መንገድ በመሥሪያ ቤት ልክ በተለካ ቍጥር ለሕዝቡ ጠቧል፤ በትናንቱ መዝገብ በተለካ ቍጥርም ለነገው ጠቧል። ስለዚህ ጥያቄያችን ‹ዛሬ ስንት ሰው ተጠቀመ?› የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። ‹ስንት ሰው ሊጠቀም ፈልጎ ተመለሰ?› የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ይህን ሁለተኛውን ቍጥር የሚያውቅ ማሽን የለም። የሚያውቀው በየወረዳው ጠረጴዛ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መስመር በጠፋ ቍጥር ‹ኔትዎርክ የለም› ብሎ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ይልቅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተመለሰውን ባለጕዳይ ብዛት፣ በእግርና በመኪና የተላከውን ሰነድ በመዝገብ ብትይዙ፣ ለሚመለከተውም ክፍል በየወሩ ብታሳውቁ፣ ነገ ማማ የት ይተከል፣ የትኛውስ መስመር ይስፋ ብሎ ለሚወስነው ሰው ከማሽኑ የማያገኘውን ቍጥር ትሰጡታላችሁ። ደብተርና እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በምኒልክ ዘመን በመካከለኛው ጣቢያ የተቀመጠው ስልከኛ የሩቁን ቃል ተቀብሎ ወደ ሩቁ ያደርስ ነበር። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ቦታው ዛሬም ሰው ይፈልጋል። ከዋጫ ወደ ማእከል መድረስ ያልቻለውን ድምፅ ሰምቶ የሚያደርስ ሠራተኛ የዚያ ስልከኛ ወራሽ ነው።